ለመንዙማና ለማሲንቆ የሚሆን ርካሽ ኤርፎን፦ ቹ 2፣ ዜሮ 2 ወይስ ኬዜድ?

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁም፤ ከደሴ ነው። ጆሮ ውስጥ የሚገባ ባለ ገመድ ኤርፎን ልገዛ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ስላለ 20 ዶላር ገደማ የሚያወጣውን ማስመጣት እችላለሁ። ያሰብኳቸው ሙንድሮፕ ቹ 2፣ ሰቨን ሄርዝ ዜሮ 2 እና ኬዜድ ኢዲኤክስ ፕሮ ናቸው። ሦስቱም በጓደኞቼ እጅ ስላሉ ከመወሰኔ በፊት ተውሼ ጎን ለጎን መስማት እችላለሁ።
በብዛት የምሰማው በድቤና በጭብጨባ የሚባል መንዙማ፣ ማሲንቆ ያለበት ባቲና አምባሰል፣ እንዲሁም ከካሴት የተገለበጡ የድሮ ዘፈኖች ነው። ወደ አዲስ አበባ ስሄድም አውቶቡስ ውስጥ እሰማለሁ። እንዴት አድርጌ ባወዳድራቸው ነው የማልሳሳተው? ለእንዲህ ዓይነቱ ድምፅስ የትኛው ይሻላል? ስልኬ ክቡ የኤርፎን ቀዳዳ የለውም፣ ታይፕ ሲ ብቻ ነው።

ጦሳ ሥር፦
ወንድሜ፣ ሦስቱን ባንድ ላይ ማግኘትህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ሁለት ነገር ሳታስተካክል ከጀመርክ የምታወዳድረው ጎማውን (ጆሮ ውስጥ የሚገባውን የኤርፎኑን ለስላሳ ጫፍ) እና ቮልዩሙን እንጂ ኤርፎኖቹን አይደለም።

መጀመሪያ ጎማው። ጎማው የጆሮህን ቀዳዳ ጥብቅ አድርጎ ካልዘጋ አየር ያስገባል፤ አየር ካስገባ ደግሞ ከ100 ሄርዝ በታች ያለው ወፍራም ድምፅ፣ ማለትም ቤዙ ይሳሳል። ድቤው ካርቶን የሚመታ ይመስላል። «ይሄ ኤርፎን ቤዝ የለውም» ከሚባለው ፍርድ ብዙው የሚመጣው ከዚህ ነው። መፈተሻው ቀላል ነው፦ ቶን ጀነሬተር የሚባል መተግበሪያ አውርደህ 40 ሄርዝ ላይ አድርግና በዝቅተኛ ድምፅ ክፈት። ከዚያ ኤርፎኑን በጣትህ ትንሽ ወደ ውስጥ ገፋ አድርገው። ድምፁ ጎላ ካለ ጎማው አየር እያስገባ ነው፤ በአንድ ቁጥር የሚበልጥ ጎማ አድርግ። የቀኝና የግራ ጆሮ ቀዳዳ እኩል ላይሆን ስለሚችል ለአንዱ መካከለኛ፣ ለሌላው ትልቅ መጠቀም ትችላለህ። ስታስገባው በሌላ እጅህ ጆሮህን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርገው፣ ቀዳዳው ቀና ይላል። ገመዱ ከጆሮህ በላይ ዞሮ ይውረድ፤ እንዲያ ሲሆን ልብስ ሲነካው የሚመጣው ኮሽታም ይቀንሳል።

የሚቻል ከሆነ ሦስቱንም በአንድ ዓይነት ጎማ ስማቸው። የኤርፎኖቹ አፍ ውፍረት ስለሚለያይ ጎማው የላላበት ካለ ግን ለእሱ የራሱን ጎማ መልስለት። አለበለዚያ ስታወጣው ጎማው ጆሮህ ውስጥ ይቀራል።

ሁለተኛው ቮልዩም ነው። ሰው ትንሽ ጎላ ያለውን ድምፅ «ጥርት ያለ፣ ቤዝ ያለው» ይለዋል፤ ለዚህ የ1 ዲሲቤል ልዩነት እንኳ ይበቃል። ሦስቱ ኤርፎኖች በአንድ የስልክ ቮልዩም ላይ እኩል አይጮሁም። ስለዚህ ፒንክ ኖይዝ የሚባለውን ወጥ የሽሽታ ድምፅ ክፈት፣ የኤርፎኑን አፍ ከነጎማው የሌላ ስልክ ማይክ ቀዳዳ ላይ ግጠምና በድምፅ መለኪያ መተግበሪያ አንብብ። የሚታየው ቁጥር እውነተኛው ዲሲቤል አይደለም። ሦስቱንም በአንድ ቦታና በአንድ አያያዝ እስከለካሃቸው ድረስ ግን ለማወዳደር ይሆናል። የስልኩ ቮልዩም እርምጃ ሰፊ ከሆነብህ ቀሪውን በሙዚቃ ማጫወቻው ውስጥ ባለው ማስተካከያ አጥብበው።

ከመጀመርህ በፊት ዶልቢም ሆነ ሌላ «ድምፅ ማሻሻያ» ስልኩ ላይ ካለ አጥፋው። ከዚያ ከአንድ ዘፈን አንዲት ቦታ ምረጥ፣ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ብቻ፣ እሷኑ በሦስቱም ደጋግመህ ስማ። የጆሮ ትዝታ አጭር ስለሆነ ሙሉ ዘፈን ሰምቶ ማወዳደር አያስኬድም። ያሸነፈውን ግን በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ስማው፤ የሚያደክም ትሬብል (ቀጭኑ፣ ከፍተኛው ድምፅ) በ20 ሰከንድ አይታወቅም።

አምባሰል ማዶ፦
ጦሳ ሥር ያለው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ ምን እንደምትሰማና የትኛው እንደሚሻልህ ልጨምርልህ።

ማሲንቆ ለኤርፎን ከባድ ፈተና ነው። አንዲት የፈረስ ጭራ ጅማት በሌላ የፈረስ ጭራ ስትፈተግ ነው የሚጮኸው፤ የቁርበቱ ማስተጋባት ደግሞ ከሥሩ አለ። የዜማው ዋና ድምፅ ከሰው ድምፅ ጋር አንድ ሰፈር ነው። ማሲንቆን ማሲንቆ የሚያሰኘው የፍትጊያ ሻካራነት ግን ከፍ ብሎ፣ ከ2 እስከ 5 ሺህ ሄርዝ አካባቢ ይገኛል። ባዶ ጆሮ ራሱ 3 ሺህ ሄርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ያጎላል። ኤርፎን ቀዳዳውን ሲደፍነው ይህ የተፈጥሮ ጉላት ስለሚጠፋ አምራቹ በኤርፎኑ አሠራር መመለስ አለበት። አሳንሶ ከመለሰ ዘፋኟ ትደበዝዛለች፤ አብዝቶ ከመለሰ ማሲንቆው ጆሮ ይወጋል። በሦስቱ መሃል ትልቁ ልዩነት ያለው እዚህ ላይ ነው። ቅኝቱን ግን የትኛውም አያበላሸውም፣ ባቲው ባቲ ሆኖ ይቀራል፤ የሚለወጠው ለዛው ነው።

ቹ 2 ይህን ሰፈር ወደ ፊት ያመጣዋል። ማሲንቆ፣ ክራርና የሴት ድምፅ ጎልተው፣ ተለይተው ይወጣሉ፤ ቤዙ ልከኛ ነው። ዜሮ 2 ከመጀመሪያው ዜሮ ይልቅ ቤዝ የተጨመረበትና ሞቅ ያለ ነው፣ የወንድ ድምፅ ሥጋ ይኖረዋል። ኢዲኤክስ ፕሮ ቤዙንና ትሬብሉን ከፍ፣ መሃሉን ዝቅ ያደርጋል። ለዘመናዊ ዳንስ ሙዚቃ ደስ ይላል። ችግሩ የእኛ ዜማ ያለው መሃሉ ላይ መሆኑ ነው።

መንዙማ ስትሰማ ተቀባዮቹ ላይ አተኩር። አውጪው ብቻውን ሲል የትኛውም ኤርፎን ያስደስታል። ተቀባዮቹ ከድቤና ከጭብጨባ ጋር ሲገቡ ግን ብዙ ሰው መሆናቸው ይሰማሃል ወይስ ባንድ ተለውሰው ይመጣሉ? ድቤው ሲመታ የአውጪው ድምፅ ይሸፈናል? ጭብጨባው ደረቅና አጭር ነው ወይስ ጫፉ ይንሿሿል? ኢዲኤክስ ፕሮ ላይ ድቤው ድምፁን ሲጫነው፣ ጭብጨባውም ሲያብረቀርቅ ትሰማዋለህ።

የካሴቱ ጉዳይ ለብቻው ነው። የድሮ ካሴት ላይኛው ድምፁ ተቆርጧል፤ እዚያ የቀረው በአብዛኛው የቴፑ ሽሽታ ነው። ትሬብሉን ከፍ የሚያደርግ ኤርፎን ዘፈኑን አያጠራውም፣ ሽሽታውን ነው የሚያጎላው። «ሰ» እና «ሽ» ያለባቸውን ስንኞች መርጠህ ስማ፤ ፉጨት ከመጣ ያ ኤርፎን ለካሴት አይሆንም። ለድሮው የሙዚቃ ቡድን ለወሎ ላሊበላ ኪነት ዘመን ቅጂዎች ሞቅ ያለው ዜሮ 2 ይሻላል። አብዛኛው የምትሰማው መንዙማና ካሴት ከሆነ እሱን ግዛ። ማሲንቆና ክራር በጥሩ ስቱዲዮ የተቀዳ የምታበዛ ከሆነ ቹ 2 ይበልጣል።

ኮምቦልቻ መስመር፦
እህቴ አምባሰል ማዶ፣ በምርጫሽ እስማማለሁ፤ ግን አውቶቡሱን ረሳሽው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በዚያ ሁሉ መንገድ ሞተሩ ያጓራል። የሞተርና የመኪና ጎማ ጩኸት አብዛኛው ዝቅተኛ ድምፅ ስለሆነ መጀመሪያ የሚውጠው ቤዙን ነው። ቤት ውስጥ በቂ የነበረው ድቤ መኪና ውስጥ ይጠፋል። ኢዲኤክስ ፕሮ መንገድ ላይ የሚወደደው ለዚህ ነው፣ ምክንያት አለው።

ለዚያ ብቻ ሲባል ግን ሌላ ኤርፎን መግዛት አያስፈልግም። አንደኛ፣ የስፖንጅ ጎማ ግዛ፤ በጣትህ ጠቅልለህ አስገብተህ እስኪነፋ ግማሽ ደቂቃ ያህል ትይዘዋለህ። ከሲሊኮኑ የተሻለ የውጭ ጩኸት ይከለክላል፣ ትሬብሉንም ትንሽ ያለዝባል። ሁለተኛ፣ አንድሮይድ ከሆንክ ዌቭሌት የሚባለውን ነፃ ኢኳላይዘር (ቤዙንና ትሬብሉን ለየብቻ የሚያስተካክል መተግበሪያ) ጫን። ከ150 ሄርዝ በታች ያለውን 4 ዲሲቤል ጨምር፣ አጠቃላይ መጠኑን ደግሞ በዚያው ልክ 4 ቀንስ። ካልቀነስክ ድቤው በተመታ ቁጥር ድምፁ ጣሪያ እየነካ ይሰባበራል፤ ሰውም «ኤርፎኑ ፈነዳ» ይላል።

መኪና ውስጥ ቮልዩም እየጨመሩ መሄድ ግን አደገኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው ልክ በ80 ዲሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዲሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 83 ላይ 20 ሰዓት፣ 86 ላይ 10 ሰዓት እያለ ይሄዳል። ጩኸቱን በስፖንጅ ጎማ መከላከል ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦
አላህ ይስጣችሁ፣ የ40 ሄርዙ ፈተና ብቻውን ብዙ አሳወቀኝ፤ ለቀኝ ጆሮዬ ትልቁ ጎማ ነው የሚሆነው። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ከተዋስኳቸው በአንዱ የግራው ድምፅ ያንሳል። በሌላው ደግሞ ሁለቱም ወገን ይሠራል፣ ግን የዘፋኙ ድምፅ መሃል ላይ አይቀመጥም፣ ቤዙም የለም፤ ጎማው ጥብቅ ነው። የታይፕ ሲ አዳፕተሩንስ ምን ዓይነት ልግዛ?

ጦሳ ሥር፦
አብሽር፣ ሁለቱም መፍትሔ አላቸው።

የግራው ያነሰውን መጀመሪያ አገላብጠህ አድርገው፤ የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ። ድክመቱ አሁንም በግራ ጆሮህ ከሆነ ወይ ጎማው ነው፣ ወይ ጆሮህ ውስጥ ኩክ አለ፣ ወይ ስልኩ ነው፤ ስልኩ ላይ ተደራሽነት በሚለው ቅንብር ውስጥ የግራና የቀኝ ሚዛኑ መሃል ላይ መሆኑን እይ። ድክመቱ ከኤርፎኑ ጋር ወደ ቀኝ ከሄደ አፉ ላይ ያለውን ወንፊት በስልክ መብራት ተመልከት። ኩክ ወይም የላብ እርጥበት ወንፊቱን ሲደፍነው ድምፁ ይወርዳል። አፉን ወደ መሬት ደፍተህ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጥረገው፤ ወደ ላይ አድርገህ ከጠረግከው ቆሻሻው ወደ ውስጥ ይገባል። በመርፌ አትንካው፣ አልኮልም አታፍስበት። እርጥበት ከመሰለህ ከአዲስ ጫማ ካርቶን የሚገኘውን እርጥበት የሚመጥ ትንሽ ከረጢት አድርገህ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ አሳድረው። ጎማውን ግን ነቅለህ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ማጠብ ትችላለህ፤ ሳይደርቅ አትመልሰው።

ሁለተኛው ገመዱ በአንድ ወገን ተገልብጦ የተሰካ ነው። ባለ ሁለት መርፌ ገመድ ሲገለበጥ አንዱ ወገን ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ቤዙ ይጠፋል፣ መሃል መሆን የነበረበት ድምፅም ይበተናል። አንዱን ወገን ብቻ ንቀልና አዙረህ ሰካው፤ ወዲያው ይስተካከላል። ስትነቅል ከገመዱ ሳይሆን ከመሰኪያው ያዝ፣ ቀጥ አድርገህ ሳብ፤ መርፌው በቀላሉ ይጎብጣል። የቹ 2 እና የዜሮ 2 መርፌ 0.78 ሚሊ ሜትር ነው። የኬዜድ መሰኪያ ግን ቆብ አለው፣ ኤርፎኑ ላይ ወጣ ያለውን ቀዳዳ የሚሸፍን ነው። ስለዚህ የኬዜድን ገመድ ለሌሎቹ አትጠቀም፣ ቆቡ ጥብቅ ብሎ እንዳይገባ ይከለክለዋል።

አዳፕተሩ ሁለት ዓይነት ነው፣ በመልክ አይለዩም። አንዱ ውስጡ ሽቦ ብቻ ነው፤ የሚሠራው ስልኩ በታይፕ ሲ በኩል ራሱ የኤርፎን ድምፅ የሚያወጣ ከሆነ ነው። ሌላው ውስጡ ዲጂታሉን ወደ ድምፅ የሚቀይር ቺፕ አለው፤ ዳክ ይባላል። የአንተ ስልክ የትኛውን እንደሚቀበል ካላወቅክ ዳክ ያለውን ጠይቅ፣ በአብዛኛው ስልክ ይሠራል። ስልክህንና ኤርፎኑን ይዘህ ሂድና ሱቁ ውስጥ ሰክተህ ስማ። ዘፈን ሳትከፍት የሚሰማ ሽሽታ መኖሩን፣ መሰኪያውን ነካ ነካ ስታደርገው የሚቆራረጥ መሆኑን እይ። የአፕልን የታይፕ ሲ አዳፕተር ካገኘህ ድምፁ ንጹሕ ነው፤ አንዳንድ አንድሮይድ ላይ ግን ቮልዩሙ ሙሉ ተከፍቶም ዝቅ ይላል፣ ስለዚህ እሱንም ሳትሞክር አትክፈል። ሦስቱም ኤርፎኖች በቀላሉ የሚነዱ ናቸው፣ ተጨማሪ አምፕሊፋየር አያስፈልጋቸውም።