«ሟች ቋንቋ» ይባላል? እስከ ዛሬ ማታ መልስ እፈልጋለሁ

የሰሌዳ ጸሐፊ (ጠያቂ)
እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ማተሚያ ቤት የሚገባ የዐውደ ርእይ ሰሌዳ አለኝ። ርእሱን «ሟች ቋንቋ» ብዬው ነበር። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ናሙናውን ግድግዳ ላይ ስሰቅል የግቢያችን ጥበቃ ቆመው ፊደል በፊደል አነበቡና «ገዳዩ ተያዘ?» አሉኝ። ቀልዳቸውን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ቃሉን ባየሁት ቁጥር የፖሊስ ዜና ይመስለኛል። ገና ያልሞተ፣ ግን ሊሞት የደረሰ ነገርን የሚገልጽ ቅጽል ስጡኝ። አንድ ቃል ብቻ፤ ቦታ የለኝም።

መዝገብ ቤት
ጥበቃው ልክ ናቸው። በክስ መዝገብ ውስጥ «ሟች» የተገደለው ሰው ነው። በሌላ በኩል «ሰው ሟች ነው» ስንል ዛሬ ጤነኛ ቢሆንም አንድ ቀን መሞቱ አይቀርም ማለታችን ነው። ቃሉ ወይ ያለፈውን ይይዛል ወይ ሁላችንንም ይይዛል፤ የእርስዎን ጉዳይ ግን አይነካም። «በመጥፋት ላይ ያለ» ይበሉ።

ሰዋስው ወዳድ
እህቴ፣ አንድ ቅጽል ፍለጋ መውጣትሽ ራሱ ስሕተት ነው። አማርኛ እንዲህ ያለውን ነገር የሚይዘው በግስ ነው፦ ሊወድቅ የደረሰ፣ ሊጠፋ የተቃረበ፣ እየከሰመ ያለ። ደግሞም ለእያንዳንዱ ነገር የየራሱ ግስ አለው። ምንጭ ይነጥፋል፣ ላምም ትነጥፋለች። እሳት ይከስማል። ቤት ያዘምማል። ሽማግሌ ይጃጃል። ጀምበር ታዘቀዝቃለች። የሰው ቁጥር ይመነምናል። የግሱንም ጊዜ አስተውዪ፦ «የከሰመ» ካልሽ ነገሩ አልቋል፤ «እየከሰመ ያለ» ካልሽ ፍም አለ። ተክል «ጠወለገ» ከተባለ ውኃ ካገኘ ይመለሳል፣ «ደረቀ» ከተባለ ግን የሚጠብቀው መጥረቢያ ነው። ይህን ሁሉ ልዩነት በአንድ ቃል ጨፍልቂልኝ ማለት ቋንቋውን አለማወቅ ነው።

ቀጭን ብዕር
«በመጥፋት ላይ ያለ»። ሌላ አትፈልጊ።

የሰሌዳ ጸሐፊ (ጠያቂ)
አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን እሱ ለእንስሳትና ለአእዋፍ ሁሉ የሚጻፍ ሆነብኝ፤ አንባቢው አይቶት ያልፋል። «የሚያጣጥር» ብለውስ?

የሌሊት ተረኛ
ነርስ ነኝ። እባክሽ እሱን አትጻፊ። ማጣጣር የሰዓታት ጉዳይ ነው። ቤተሰብ በር ላይ ቆሞ ትንፋሽ የሚቆጥርበት፣ እኛም እጅ ከመያዝ በቀር የምናደርገው የሌለን ሰዓት ነው። ስንት ሌሊት አጠገቡ ተቀምጫለሁ። ለመሆኑ የትኛው ቋንቋ ነው?

የቅኔ ተማሪ
ግዕዝ ከሆነ ገና ከመነሻው ተሳስታችኋል። «ሙት ቋንቋ» የሚሉትን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ዛሬ ጠዋት ተቀድሶበታል፤ ቅኔ ቤት ውስጥ ትናንት ያልነበረ ቅኔ ዛሬ ይዘረፍበታል። አፍ የፈታበት ልጅ የለም ማለት ሞቷል ማለት አይደለም።

የሰሌዳ ጸሐፊ (ጠያቂ)
ግዕዝ አይደለም። ቀድሜ መናገር ነበረብኝ፤ ኦንጎታ ነው። በደቡብ፣ በወይጦ ወንዝ ዳር የሚኖር ትንሽ ሕዝብ ነው። ቋንቋውን የሚያውቁት በጣት የሚቆጠሩ አዛውንት ናቸው፤ ልጆቹ የሚናገሩት የጎረቤቶቻቸውን የጸማይን ቋንቋ ነው።

የቅኔ ተማሪ
ይቅርታ እጠይቃለሁ። በግዕዝ ጉዳይ ግን ከቃሌ ንቅንቅ አልልም።

አፍ መፍቻ
አሁን ገባኝ። የቋንቋ ጥናት ተማሪ ነኝ። ማይክል ክራውስ የተባለው የቋንቋ ሊቅ በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ይህንኑ ደረጃ ለይቶ ስም ሰጥቶታል። የእሱ መለኪያ የተናጋሪው ቁጥር አይደለም፤ ልጆች ቋንቋውን ከእናታቸው አፍ መማር ማቆማቸው ነው። ብዙ ሺህ ተናጋሪ ያለው ቋንቋ ልጅ ካልተናገረው ወደዚሁ ይገባል፤ ጥቂት መቶ ሰው የሚናገረውም ልጆቹ ከተጫወቱበት አይገባም። ዩኔስኮም ወደ መጨረሻው የአደጋ ደረጃ የሚያወርደው ከተናጋሪዎቹ በዕድሜ ትንሹ አያት ሲሆን፣ እሱም ከቋንቋው ከፊሉን ብቻ አልፎ አልፎ ሲናገር ነው። ከዚያ በታች ያለው የጠፋው ነው። የጋፋትን ቋንቋ አስቢ፤ የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው በ1947 እ.ኤ.አ. ጎጃም ሲሄድ በብዙ ፍለጋ ያገኘው አራት ተናጋሪ ብቻ ነበር። ዛሬ ጋፋትን «የጠፋ» እንላለን። ኦንጎታን ግን እንዲህ ማለት አንችልም፤ አዛውንቱ በሕይወት አሉ። የጎደለው ልጅ ነው። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ «ወራሽ ያጣ ቋንቋ» ነው። አንድ ቃል ቢጨምርም ሕመሙን በትክክል ይናገራል።

ሐረርጌ
ስለ ቋንቋ አላውቅም፤ ስለ ቃል ግን ልምከርሽ። እኛ የሐረማያን ሐይቅ ቀብረነው ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደርቆ ወለሉ ተሰነጣጠቀ፤ በልጅነቴ በእግሬ ተሻግሬዋለሁ፤ ጭቃው እንደ ሸክላ ስብርባሪ ከእግሬ ሥር ይንኮሻኮሽ ነበር። ሁላችንም «የሞተ ሐይቅ» እንለው ነበር። ከዓመታት በኋላ ውኃው ተመለሰ፤ በዚያው በሄድኩበት ላይ ጀልባ አየሁ። በሕይወት ያለን ነገር በሰሌዳ ላይ አትግደሉት።

ቀጭን ብዕር
እኮ «በመጥፋት ላይ ያለ» ነው የምለው።

የምድጃ ዳር
«ወራሽ ያጣ» የሚለው አንጀቴን በላው፤ ግን አልቀበለውም። አያቴ ቅማንትኛ ታውቅ ነበር። ከእኅቷ ጋር ቡና እያፈሉ በቅማንትኛ ሲያወጉ እኛ ልጆቹ ስንገባ ሁለቱም ወደ አማርኛ ይዞሩ ነበር። ረከቦቱ እዚያው፣ ጨዋታው እዚያው፣ ቋንቋው ብቻ ይቀየራል። እኛ አልጠፋንም፤ እዚያው ምድጃ ዳር ተቀምጠን ነበር። አያቴ ያፈረችበት ዘመን ነበር፤ አልፈርድባትም። ወራሽ ግን ነበረ። «ያልተወረሰ ቋንቋ» በዪው።

መዝገብ ቤት
እህቴ፣ ሐሳብሽ ትክክል ነው። ነገር ግን «የተወረሰ» ሲባል የእኔ ትውልድ የሚያስበው በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ የተወረሰውን ትርፍ ቤት ነው። «ያልተወረሰ» ከተባለ መንግሥት ያልወሰደው ሊመስል ነው። «ለልጅ ያልደረሰ ቋንቋ» ቢባልስ? ውርስ ደረሰው፣ አልደረሰውም እንላለንና።

የምድጃ ዳር
እሱ ይሻላል። እኔን የሚያስወቅስ አይደለም፣ አያቴንም አያስወቅስም።

አፍ መፍቻ
የእኔን ሐሳብ ትቻለሁ። «ለልጅ ያልደረሰ» ይሁን።

የሰሌዳ ጸሐፊ (ጠያቂ)
ሦስት ቃል ነው። ፎቶግራፉን ትንሽ ካሳነስኩት ይገባል መሰለኝ። አሁን ወደ ኮምፒውተሩ ልመለስ፤ መብራት እንዳይጠፋብኝ።

የምድጃ ዳር
የአዛውንቱ ድምፅ የተቀዳ ካለሽ ፎቶግራፉን ከምታሳንሺ አውጪውና በቦታው ማዳመጫ አስቀምጪ። ሰው ቆሞ ይስማቸው።

የሌሊት ተረኛ
ከተረኝነት ወጣሁ፤ ሁለት ሰዓት አልፏል። ምን ታተመ?

ቀጭን ብዕር
እኔም እየጠበቅሁ ነው።

ሐረርጌ
ዐውደ ርእዩ የት እንደሆነ እንኳ አልነገረችንም። የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልን፤ ልጆቼን ይዤ እመጣለሁ።