ሜትፎርሚን ከጀመርኩ 3 ሳምንቴ ነው፣ ሆዴ ግን ሰላም አጣ

ጠመኔ
ሰላም ለሁላችሁ። የ46 ዓመት ሴት ነኝ፣ አዲስ አበባ ነው የማስተምረው። በቅርቡ የውሃ ጥሙ አላስቀምጥ ሲለኝ ተመረመርኩ። ስኳሬ በባዶ ሆድ 214፣ የ3 ወሩ አማካይ ደግሞ 8.9 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ የስኳር ኪኒኑን ሜትፎርሚን 500 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ አዘዘልኝ፣ ከሳምንት በኋላ ወደ 1000 ጠዋትና ማታ አሳድጊው አለኝ። አሳደግኩት። ከዚያ ወዲህ ያለውን ፈጣሪ ነው የሚያውቀው።

ከቤት ሳልወጣ ሁለቴ ሽንት ቤት እገባለሁ። ታክሲ ውስጥ ሆዴ ሲጮህ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ይሰማል። ባለፈው ማክሰኞ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ 7ኛ ቢ ክፍልፋይ እያስተማርኩ፣ የጋራ ታህት ማግኘትን ሰሌዳ ላይ ጀምሬ ሳልጨርሰው ጠመኔውን ጠረጴዛ ላይ ጥዬ ሮጥኩ። ስመለስ የክፍሉ አለቃ ጥያቄውን ጨርሳ ስትጽፍ አገኘኋት። ከልጆቹ አንድም የሳቀ የለም። እንባዬ መጣ።

መጀመሪያ ጃርዲያ ነው ብዬ ቲኒዳዞል ገዝቼ ዋጥኩ፣ ማቅለሽለሹ ባሰ። ሰገራ ስመረመር ምንም የለም ተባልኩ። አፌ ደግሞ ሳንቲም የጎረስኩ ይመስል ብረት ብረት ይለኛል። ሁዳዴ ስለሆነ እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ፣ የጠዋቱን ኪኒን ግን ለመድኃኒት ነው ብዬ 12 ሰዓት ላይ በትንሽ ውሃ እውጠዋለሁ። አልቻልኩም፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ትቼዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ስለካ 231። በዚህ ያለፈ ካለ በእናታችሁ ንገሩኝ፣ ይሄ ነገር ያልፋል ወይስ ለኔ የሚሆን መድኃኒት አይደለም?

እትዬ ኮልፌ
አይዞሽ የኔ ልጅ። እኔ ከጀመርኩ 11 ዓመቴ ነው፣ የመጀመሪያውን ወር ግን አልረሳውም። እንዳንቺ በባዶ ሆድ ነበር የምውጠው። አንድ ክትትል የማደርግበት ቦታ ያለች ነርስ ናት ያዳነችኝ። ከምግብ በፊትም ከምግብ በኋላም አይደለም፣ መሃሉ ላይ ዋጪው አለችኝ። እንጀራሽን ግማሽ ያህል ብዪ፣ ኪኒኑን ዋጪ፣ የቀረውን ከላይ ብዪበት። ሳምንት ሳይሞላኝ ለውጡን አየሁት።

ጾሙን በተመለከተ እኔ የንስሐ አባቴን ነው የጠየቅኩት። መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ሰዓቱን እንዳላከብር ፈቀዱልኝ፣ ስለዚህ ሥጋውንና ወተቱን እጾማለሁ፣ ጠዋት ግን እቀምሳለሁ። አንቺም አትፈሪ፣ ሄደሽ አማክሪያቸው። ባዶ ሆድ ላይ 1000 መዋጥ ግን በሆድሽ መጨከን ነው።

ፋርማሲስት ነኝ
እህቴ፣ ያልሽው ሁሉ ሜትፎርሚን የሚያመጣው ነው፣ የብረቱን ጣዕም ጨምሮ። መድኃኒቱ ዋና ሥራው ጉበት የሚለቀውን ስኳር መቀነስ ነው፣ ግን መጀመሪያ የሚያርፈው አንጀት ላይ ነው፤ እዚያ የሚጠራቀመው መጠን ደም ውስጥ ካለው በጣም ይበልጣል። ስለዚህ ተቅማጡ፣ ጋዙ፣ ቁርጠቱ የሚብሰው ሲጀመርና መጠኑ ሲጨምር ነው። አብዛኛው ሰው ላይ በጥቂት ሳምንታት ይቀንሳል።

ያንቺ ግን በፍጥነት ነው ያደገው። በቀን ከ1000 ወደ 2000 በአንድ ጊዜ ነው የዘለልሽው። ብዙ ጊዜ የሚመከረው በየሳምንቱ 500 ብቻ እየጨመሩ መሄድ ነው፣ ሆድ ካስቸገረ ደግሞ ከዚያም ቀስ ይባላል። ዛሬውኑ ያዘዘልሽ ሐኪም ጋ ደውዪ ወይ ሂጂ፣ ማቆምሽንም አትደብቂው። ሁለት ነገር ጠይቂው። አንደኛ፣ ወደ 500 ወርጄ ከእራት ጋር ልጀምር ወይ በዪው። ሁለተኛ፣ ቀስ እያለ የሚለቀቀውን ዓይነት፣ ኤክስአር የሚባለውን፣ ሊቀይርልሽ ይችል እንደሆነ። እሱ ሆድ ላይ ቀለል ይላል። ኤክስአር አይሰበርም፣ አይታኘክም፣ እንዳለ ነው የሚዋጠው።

ጠቅላላ ለምታነቡም ልበል፣ ይሄ እኔን በጣም ያሳስበኛል። ማስመለስና ተቅማጥ በርትቶ ውሃ እንኳን አልቆይ ካለ፣ ወይም ትንፋሽ ፈጠን ፈጠን ካለና አቅም ካሳጣ፣ ኪኒኑን አቁሞ ወዲያው ሕክምና ቦታ መሄድ ነው፣ ነገ አይባልም። ሰውነት ውሃ ሲያጣ ኩላሊት ይደክማል፣ መድኃኒቱ የሚወጣው ደግሞ በኩላሊት ነው። የኩላሊት ምርመራ ያላደረጋችሁ ጠይቁ። ሜትፎርሚን ለብቻው ስኳርን ከልክ በታች የማውረድ ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው፣ ግሊቤንክላማይድ የሚባለው ሌላ የስኳር ኪኒን ወይም ኢንሱሊን አብሮት ያለው ሰው ግን ሐኪም ሳያማክር እስከ 9 ሰዓት እንዳይጾም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ
እኔን ኤክስአር ነው የገላገለኝ። አንድ ነገር ልንገርሽ እንዳትደነግጪ፣ ሽንት ቤት ውስጥ ኪኒኑ እንዳለ የወጣ ይመስልሻል። ባዶ ሽፋኑ ነው፣ መድኃኒቱ ውስጥሽ ቀርቷል። እኔ አልሠራም ማለት ነው ብዬ ሌላ ደገምኩበት፣ እሱን ስህተት አንቺ አትሥሪው።

ሌላው፣ ስኳር የሌለው ተብሎ የሚሸጥ ከረሜላና ማስቲካ ትወስጃለሽ? ሶርቢቶል ያለበት ከሆነ እሱ ራሱ ያስቀምጣል። እኔ የአፌን ጣዕም ልቀይር ብዬ ቀኑን ሙሉ እሱን ስመጥ ነበር።

የጎንደር ልጅ
እህቴ እኔ የምልሽ ኪኒኑን ጣዪው። እናቴ አብሽ ማታ ነክራ እያሳደረች ጠዋት ጠዋት ጠጥታ ነው ስኳሯ የወረደው። ሆድም አይነካም፣ የአገራችን ነው።

ፋርማሲስት ነኝ
ወንድሜ፣ ለእናትህ ጤና ደስ ብሎኛል። አብሽ ስኳርን በመጠኑ እንደሚቀንስ ይታወቃል። ግን ሆድ አይነካም ያልከው ልክ አይደለም፣ አሰር የበዛበት ስለሆነ ጋዝና ተቅማጥ ራሱ ያመጣል። 8.9 ላለ ሰው ኪኒን ጥሎ አብሽ መያዝ ዓይንና ኩላሊት ላይ መፍረድ ነው። አሁን ሆዷ ተቆጥቶ እያለ ደግሞ ሁለቱን ካደባለቀች የቱ እንደጎዳት አታውቅም።

ባለ 9 ዓመቱ
ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። ይሄን መድኃኒት ለዓመታት የምትወስዱ ቫይታሚን ቢ12 ተመርመሩ። እግሬን ሲያደነዝዘኝ ስኳሩ ነው ብዬ ተቀምጬ ነበር፣ ሲመረመር ቢ12 ወርዶ ተገኘ። ሜትፎርሚን ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል። በተለይ ሥጋና ወተት የማይበላበት ጾም የሚያበዛ ሰው ልብ ይበል።

ጠመኔ
ይኸው ከ2 ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። እግዚአብሔር ይስጣችሁ። በማግስቱ ሐኪሙ ጋ ሄድኩ። እንደሚቆጣኝ ነበር የገመትኩት፣ እሱ ግን ቶሎ ባለመምጣቴ ብቻ ነው ያዘነው። 500 ኤክስአር ከእራት ጋር ጀመርኩ፣ ሁለት ፋርማሲ የለም ብለውኝ ሦስተኛው ላይ አገኘሁ። አሁን ከእራት ጋር ሁለት ፍሬ ነኝ። የንስሐ አባቴም እንደ እትዬ ኮልፌ ነው የነገሩኝ፣ ስለዚህ ጠዋት በሶ በጥብጬ እወጣለሁ። የዛሬ ጠዋቱ ስኳር 162 ነው። ጋዙ አለ፣ ሩጫው ግን ቆሟል። 7ኛ ቢዎችን ክፍልፋይ ደምረን ቀንሰን ጨርሰናል፣ ማባዛት ላይ ነን።

አሁን የቀረኝ ጭንቀት ፋሲካ ነው። ዶሮው፣ ቅቤው፣ እንግዳው።

እትዬ ኮልፌ
ደስ ሲል! ለፋሲካው እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። 55 ቀን ሙሉ ቅቤ ያላየ ሆድ መድኃኒቱ ባይኖርም ይቆጣል፣ መድኃኒቱ ሲጨመርበት ደግሞ ያን ቀን ከአልጋ አትነሺም። ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ ከወጡ ላይ የተንሳፈፈውን ቅቤ በማንኪያ ገፋ አድርጊውና አንድ ብልትና ግማሽ እንቁላል ብቻ ቅመሺ። የቀረውን ለምሳ አቆዪው። ጎረቤት ብዪ ብዪ ሲልሽ ሐኪም ከልክሎኛል በዪ፣ ማንም አይቀየምሽም። ኪኒንሽ ደግሞ የዚያን ቀንም ከእራትሽ መሃል ነው።