የባርቤኪው ሶሴ ከሰል ላይ እያረረ አስቸገረኝ

እህት ወንድሞች፣ እባካችሁ ድረሱልኝ። ባሕር ዳር ነው የምኖረው፤ እሁድ እንግዶች አሉብኝ። የበግ ጎድንና የጣና ቆሮሶ ዓሣ ልጠብስ ብዬ ጣፋጭም የሚያቃጥልም ሶስ እየሞከርኩ ነው።

ሽንኩርትና አራት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት በዘይት አቁላላሁ። ከዚያ አንድ ትንሽ ቆርቆሮ የቲማቲም ድልህ፣ ግማሽ ብርጭቆ ማር፣ 3 ማንኪያ አቼቶ፣ 1 ማንኪያ በርበሬ፣ ቆንጠር አድርጌ ሚጥሚጣ ጨመርኩ። ድስቱ ውስጥ እያለ እጅ የሚያስቆረጥም ነበር!

ጣጣው የመጣው ፍሙ ላይ ነው። ጎድኑን ገና ጥሬውን ቀባሁት፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ላዩ ጠቁሮ መረረ፣ ስቆርጠው ውስጡ ደም። ማር ቶሎ እንደሚያር ይገባኛል። ግን መጨረሻ ላይ ስቀባው ደግሞ አልይዝ ብሎ ፍሙ ላይ ይንጠባጠባል፣ ጭሱ ጎረቤት ያስነጥሳል። ላወፍረው ሳንተከትከው ድስቱ ሥር ያዘብኝ።

በርበሬውም ጥሬ ጥሬ ይላል፤ ከሽንኩርቱ ጋር አብሬ ላቁላላው ይሆን? እናቴማ «ማር ለጠጅ እንጂ ለሥጋ ማን አዘዘሽ» እያለች ትስቃለች።

ሥጋው ሊበስል ስንት ደቂቃ ሲቀረው ነው የምትቀቡት? ለቆሮሶውስ ይኸው ሶስ ይሆናል፣ ወይስ አቼቶው ይበዛበታል?