የቤክ ኦፍ ዳኞች ያዳላሉ ወይስ ለእኔ ብቻ ነው የሚመስለኝ?

ሊያ ከለንደን፦
ሰላም ለሁላችሁ። «ግሬት ብሪቲሽ ቤክ ኦፍ»ን፣ የእንግሊዝን የቴሌቪዥን የኬክና ዳቦ ጋገራ ውድድር፣ የምታዩ ካላችሁ አንድ ነገር ልጠይቅ። በየሳምንቱ ሦስት ፈተና አለ። በመሃለኛው፣ በቴክኒካሉ፣ ዳኞቹ የትኛውን ማን እንደሠራው አያውቁም። ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ይጠብቃቸዋል፣ ቀምሰው ከመጨረሻው ጀምረው እስከ አንደኛ ደረጃ ያወጣሉ። ይሄ ደስ ይለኛል። በሁለቱ ግን ተወዳዳሪው ፊታቸው ቆሞ ነው የሚቀምሱት። ከዳኞቹ አንዱ ፖል ሆሊውድ አንዱን ተወዳዳሪ ይጨብጠዋል፣ እኩል ያማረ የሠራችውን ሌላዋን «ጥሩ ነው» ብሎ ያልፋታል። ማን ይሰናበት ሲባል ደግሞ ቴክኒካሉ ምን ያህል እንደሚመዝን አይነገረንም። ነጥብ የለ፣ ድምር የለ። ታዲያ እንዳላዳሉ በምን እናውቃለን?

የኬክ ቤቱ፦
እህቴ፣ ሥራዬ ኬክ ቤት ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሁሉንም በስውር መዳኘት አይሆንም። ዳኞቹ እኮ ገና ሊጡ ሲቦካ በየጠረጴዛው እየዞሩ ምን ልትሠራ ነው እያሉ ይጠይቃሉ። ደግሞ እኛ የምናየው ቀረጻው ተቆራርጦ የቀረውን ነው፣ አንቀምሰውም። ላዩ ያማረ ኬክ መሃሉ ጥሬ መሆኑ የሚታወቀው ቢላዋ ሲገባበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በኬክ ላይ የሚደረገው አይስክሬሙ የቀለጠበት ልጅ ተናዶ ሥራውን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተውና መጣያውን ይዞ ዳኞቹ ፊት ቀረበ። ተሰናበተ። ሌላ ተወዳዳሪ አይስክሬሙን ከፍሪዘር አውጥታበት ነው ተብሎ ስንት ጩኸት ተነሳ። እኔ ግን ዳኞቹ ልክ ነበሩ እላለሁ፣ የቀለጠውን ቢያቀርብ እንኳ ከሥሩ ያለውን ኬክ ይቀምሱለት ነበር።

ዲሲ ነኝ፦
ነገሩ ዳኛው ጋ ብቻ አያልቅም። የአሜሪካው የምግብ ሥራ ውድድር «ቶፕ ሼፍ» ሲያልቅ የሚያልፈውን ጽሑፍ አቁማችሁ አንብቡት። አሸናፊውንና ተሰናባቹን ዳኞቹ የወሰኑት ፕሮዲዩሰሮቹን አማክረው ነው፣ አንዳንዱንም ከጣቢያው ጋር ተነጋግረንበታል ይላል። ራሳቸው ናቸው የጻፉት! አሜሪካ ውስጥ ውድድር ማጭበርበር በሕግ የተከለከለ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ የቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር ቅሌት በኋላ በ1960 የወጣ ሕግ አለ። ማማከር ግን እንደቀጠለ ነው። የሚያለቅስ፣ የሚጣላ፣ ወሬ የሚያውቅ ሰው ለጣቢያው ይጠቅማል። እሱና ዝምተኛው ሼፍ እኩል ጨው ቢያበዙ ማን የሚሄድ ይመስላችኋል?

አቤል፦
ሕዝብ ይምረጥ የምትሉ እንዳትመጡ ብቻ። የአሜሪካው የዝነኞች የዳንስ ውድድር «ዳንሲንግ ዊዝ ዘ ስታርስ» ላይ እ.ኤ.አ. በ2018 የሬዲዮ አቅራቢው ቦቢ ቦንስ ዳኞቹ ዝቅተኛ ነጥብ እየሰጡት በአድናቂ ድምፅ ዋንጫውን ወሰደ። በዓመቱ ደንቡን ለወጡት፣ ዝቅተኛ ከሆኑት ሁለቱ ማን ይሰናበት የሚለውን ለዳኞቹ ሰጡ። እኛም አገር የዘፈን ውድድር ላይ በኤስኤምኤስ ሲሆን ብዙ ወዳጅ ዘመድ ያለው ነው የሚጠቀመው።

ሊያ ከለንደን፦
የኬክ ቤቱ፣ ዞረው እንደሚጠይቁ ልክ ነህ፣ እሺ በስውር ይቅር። ግን ቴክኒካል ይሄን ያህል፣ ጣዕም ይሄን ያህል፣ መልክ ይሄን ያህል ብለው ውድድሩ ሳይጀመር ስክሪን ላይ ቢጽፉት ምን ይጎዳቸዋል? የሚሰናበተው ልጅ ራሱ በምን እንደወደቀ ማወቅ አለበት።