የዋርካዬን ቅርንጫፍ ሽቦ በላው፤ ልፍታው ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከባሕር ዳር ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት የጎረቤት ግንብ ስንጥቅ ውስጥ የበቀለች ዋርካ ነቅዬ ቦንሳይ (ዕቃ ውስጥ ተተክሎ ትንሽ ሆኖ እንዲቀር የሚደረግ ዛፍ) ላደርጋት ጀመርኩ። አሁን ከስንዝር ትንሽ ትበልጣለች። ያለችው እናቴ በጣለችው ዝርግ የሸክላ ድስት ነው።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ከመብራት ገመድ ያወጣሁትን መዳብ አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ጠመጠምኩ። ጣና ዳር ወደ ውሃው እንደሚያዘነብሉት ዛፎች ጎንበስ እንዲልልኝ ነበር። ከዚያ ለሥራ ገጠር ወጣሁ። ትናንት ስመለስ ሽቦው ልጡ ውስጥ ገብቷል፤ በአንድ በኩል ጭራሽ አይታይም። አንድ ዙር ልፈታ ስል ነጭ ወተት ፈሰሰ፣ ደንግጬ ተውኩት። እናቴ «ዋርካን ያህል ነገር ድስት ውስጥ ማሰር ግፍ ነው» ትላለች፤ የእሷን ለጊዜው ተዉት።

መልስ፦
ወንድሜ፣ እንዳትፈታው! ስትፈታ ነው ልጡን የምትገሸልጠው። በመቁረጫ ፒንሳ በየዙሩ ቆራርጠህ ቁርጥራጩን አንድ በአንድ አንሳ። እምቢ ያለውን ተወው፣ ዛፉ ይውጠዋል። ወተቱ የዋርካ ጠባይ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው፣ ዓይንህን ብቻ እንዳትነካ።

ጥፋቱ የሽቦው አይደለም፣ የክረምቱ ነው። ዝናብና ሙቀት ሲገናኙ ቅርንጫፍ ቶሎ ይወፍራል። በዚህ ወቅት በየሳምንቱ ማየት አለብህ። እኔማ ለዋርካ ሽቦ ትቻለሁ። ቅርንጫፉን በሲባጎ ወደ ታች ስቤ ከዕቃው ጋር አስረዋለሁ። ሲባጎው የሚያርፍበት ላይ ቁራጭ ጨርቅ አድርግ።

ሌላ መልስ፦
ከሽቦው ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ድስቱ ነው። ቀዳዳ አለው? ቦንሳይ በጃፓንኛ ዝርግ ዕቃ ላይ የተተከለ ማለት ነው፤ ዕቃው ግን ከሥሩ የተበሳ ነው። አንዲት ወይራ የገደልኩት በዚሁ ነው። ላይዋ ለምለም ነበር፣ ስነቅላት ሥሯ እንደ በሰበሰ ገመድ እጄ ላይ ቀረ። ደግሞ ጥቁር አፈር ብቻውን ውሃ ይይዛል፤ ያን ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን ቀይ ድንጋይ ሰባብረህ ቀላቅልበት።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዘጠኝ ቁራጭ ወጣ፣ አንዱ እዚያው ቀረ። ድስቱ ቀዳዳ የለውም፤ የግድግዳ መብሻ ድሪል ተውሼ ልበሳው ስል እናቴ ደረሰች። «ድስቴን ልትበሳ ነው?» አለች። የጣለችውን!