ፄፄ ናት ወይስ የበረት ዝንብ?

ጥያቄ፦ ከጊቤ ሸለቆ ወጥመድ የተሰበሰቡ የሞቱ ዝንቦች አሉኝ። የሁሉም መውጊያ ወደ ፊት የሾለ ነው። የገንዲ (የከብት በሽታ) አስተላላፊዋን ፄፄ ከበረት ዝንብ በምን ልለያት?

መልስ 1፦ መውጊያው ብቻውን አይበቃም፤ ሁለቱም ደም መጣጮች ናቸው። በ10 እጥፍ ማጉያ ክንፉን እይ። መሃሉ ላይ የመጥረቢያ ቅርጽ ያለው ክፍል ካገኘህ ፄፄ ናት፣ አለቀ።

መልስ 2፦ ፄፄ ክንፏን እንደ መቀስ ማነባበሯን ብዙ ሰው ይጠቅሳል፤ እሱ ግን በሕይወት ላለች ነው የሚሠራው። ወጥመድ ውስጥ ሲሞቱ ይዛባል። ክንፉ ከተቀደደብህ አንቴናውን እይ፦ በፄፄ ላይ ከአንቴናው የሚወጣው ቀጭን ጭራ ፀጉሮች ራሳቸው ቅርንጫፍ አላቸው፤ የበረት ዝንብ ፀጉሮች ግን ነጠላ ናቸው።

መልስ 3፦ ከመውጊያው ጎን ያሉትን ሁለት ዳሳሾችም አትርሳ። የፄፄ ከመውጊያው እኩል ይረዝማሉ፤ የበረት ዝንብ ግማሹንም አይደርሱም።