«ቁጥር ብቻ ነው እኮ»፦ የወንዝ ዳታ ለሁሉም ይከፈት ወይስ አይከፈት?

ዝም አልልም፦
ትላንት እዚህ ግሩፕ ላይ «ውሃ ድንበር አያውቅም፣ ዳታውም ማወቅ የለበትም» የሚል ፖስተር ተለጥፎ ሰው ሁሉ የልብ ምልክት ሲያዘንብበት አይቼ እስካሁን ይከነክነኛል። ሲሰሙት ደስ ይላል። ግን የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት እኤአ በ2021 ያፀደቀውን የዳታ ፖሊሲ ያነበበ አለ? «ኮር» (ዋና) ብሎ የለየውን ዳታ አባል አገሮች በነፃና ያለገደብ ይለዋወጡ ነው የሚለው፣ ሀይድሮሎጂም አለበት። ያለገደብ! ጣቢያ ተክሎ፣ አንባቢ ቀጥሮ፣ ጎርፍ የወሰደበትን መለኪያ እየተካ የሚለካው ድሃው አገር፣ ቁጭ ብሎ የሚያወርደው ሱፐርኮምፒውተር ያለው። ከዛ ጥናት ይፅፉበትና እኛን መጨረሻ ላይ በትንንሽ ፊደል ያመሰግኑናል። ይሄ ነው ትብብር?

ባለራዳር፦
ወንድሜ ምን እንዳይሆን ነው የፈራኸው? የወንዝ ከፍታ እኮ ነው። 3 ሜትር ከ40። ቁጥር ብቻ ነው እኮ፣ የጦር ካምፕ ካርታ አምጡ አልተባለም። ያ ቁጥር ግን ከጎርፉ ቀድሞ ከደረሰ ታች ያለው መንደር ሌሊት ተነስቶ ይወጣል፣ ካልደረሰ ተኝቶ ይወሰዳል። የ2004ቱን የህንድ ውቅያኖስ ሱናሚ ረሳኸው? ወደ 230,000 ሰው ነው ያለቀው። ሃዋይ ያለው የሱናሚ ማስጠንቀቂያ ማዕከል መንቀጥቀጡን አይቶ በ15 ደቂቃ ገደማ መልዕክት አውጥቷል፣ ግን በዛ ውቅያኖስ ዙሪያ መልዕክቱን ተቀብሎ ህዝብ ጋ የሚያደርስ ስርዓት አልነበረም። ፓሲፊክ ላይ ከ1965 ጀምሮ ነበር። ልዩነቱ ምንድነው? አገሮቹ ቀድመው መተባበራቸው፣ በቃ።

ዝም አልልም፦
ቁጥር ብቻ ከሆነማ ለምን እንዲህ ፈለጉት ታዲያ?

ያልጠረጠረ ተመነጠረ፦
😂😂 ቁጥር ብቻ። እስቲ ስለ ቁጥር ብቻ ላጫውታችሁ። 2017 ህንድና ቻይና ዶክላም በሚባለው የድንበር ቦታ ላይ ወታደር ለወታደር ተፋጠጡ አይደል። በዛው ክረምት ቻይና ለህንድ የምትሰጠው የብራህማፑትራ ዳታ ቀረ፣ ከቻይና ተነስቶ በህንድ አልፎ ባንግላዴሽ የሚገባው ወንዝ ማለት ነው። ለምን ሲባል ጣቢያው እድሳት ላይ ነው ተባለ። እሺ ይሁን። ባንግላዴሽ ግን እየደረሰኝ ነው አለች!! ለአንዱ ታድሶ ያላለቀ ለሌላው የሚሰራ ጣቢያ እኔ አይቼ አላውቅም። 2018 ሲታረቁ ደግሞ እድሳቱም አለቀ፣ ዳታውም መጣ። ቁጥር ብቻ ማለት ይሄ ነው።

ባለራዳር፦
አንተ እኮ ሳታውቀው ለኔ ነው የተከራከርክልኝ። ዳታው በሁለት መንግስታት ውል ላይ ስለተንጠለጠለ ነው ሲጣሉ የተቋረጠው፣ ያውም ህንድ ከፍላበት። ለሁሉም የተከፈተ ቢሆን ማን ላይ ይዘጉታል?

ያልጠረጠረ ተመነጠረ፦
ለሁሉም ይከፍቱታል ብለህ አመንክ ማለት ነው። ከላይ ያለ አገር ተነስቶ በገዛ እጁ! ማንም ስሙን አይጠራውም እንጂ ሁላችሁም በሆዳችሁ የያዛችሁትን ወንዝ አውቀዋለሁ፣ እና በሱ ጉዳይ ስትከራከሩ «ቁጥር ብቻ» ስትሉ ሰምቼ አላውቅም።

ባለራዳር፦
እዛ አትውሰደው። ከዚህ በፊት የተከፈተው ክር በሱ ነው የተዘጋው።

ሜትር ንባብ፦
ልጆች እየተደማመጥን። እኔ በዚህ ስራ ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ ሁለታችሁም አንድ ነገር ታምታታላችሁ። «የወንዝ ዳታ» የሚባል አንድ ዕቃ የለም። የዛሬ ጠዋት ከፍታ አንድ ነገር ነው፣ የ40 ዓመት የፍሰት መዝገብ ሌላ ነገር ነው። ከፍታ በሰከንድ ስንት ሜትር ኪዩብ ነው ለማለት ሬቲንግ ከርቭ (ከፍታን ወደ ፍሰት የሚቀይር መስመር) ያስፈልጋል፣ እሱን የሚሰራው ሰው ደግሞ ወንዙ በሞላ ቁጥር ወርዶ ፍጥነቱን ለክቶ ነው፣ የወንዙ አልጋ ደለል ሲሞላው እንደገና ያስተካክለዋል። ስለዚህ መዝገቡ የብዙ ሰው ድካም ነው፣ ባለራዳር «ቁጥር ብቻ» ያልከው እዚህ ላይ አልተዋጠልኝም። ዝም አልልም ደግሞ የዛሬውን ከፍታ ከመዝገቡ ጋር አንድ ላይ ቆልፈህ ትይዛለህ፣ እሱም አያዋጣም። አገሮች በተግባር የሚያደርጉትን እዩ። ቻይና ለህንድ የምትሰጠው ከግንቦት አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ነበር። ከሷ በታች ያሉት የሜኮንግ ወንዝ አገሮች ላቋቋሙት የሜኮንግ ኮሚሽን ደግሞ ከ2002 ጀምሮ የጎርፍ ወቅቱን ብቻ ስትሰጥ ቆይታ ዓመቱን ሙሉ ያደረገችው በ2020 ነው። 18 ዓመት! በጎርፍ ማንም ቶሎ ይስማማል። እጅ የሚይዘው በጋ ላይ ነው፣ የበጋ ውሃ የድርድር ውሃ ነውና።

ዝም አልልም፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ባለራዳር አነበብከው? የብዙ ሰው ድካም። ቁጥር ብቻ አይደለም።

ጠይም ደመና፦
ጋሼ አከብሮታለሁ ግን እዚች ጋ አልስማማም። ጎርፉን ስጥ፣ መዝገቡን ያዝ ሲባል ቀላል ይመስላል። የጎርፍ ሞዴል፣ ማለትም ጎርፍን የሚተነብይ የኮምፒውተር ስሌት፣ የምሰራው እኔ ነኝ፣ ሞዴሉን በምን ላስተካክለው? ዛሬ ላይ ሆነው 3 ሜትር ከ40 ቢልኩልኝ ብዙ ነው ትንሽ ነው የምለው ድሮ ስንት ሲደርስ ስንት ሰዓት ቆይቶ የት እንደወጣ ሳውቅ ነው እኮ። ያለ መዝገብ የዛሬው ንባብ የሚያስደነግጥ ግን የማያስጠነቅቅ ነገር ነው። ስለዚህ በ«ለአደጋ ጊዜ ብቻ» የሚሰጠው ዳታ ግማሹ ለይስሙላ ነው።

ሜትር ንባብ፦
ልጄ ልክ ነሽ፣ ግን ሙሉ መዝገቡ አያስፈልግሽም። የትላልቆቹ ጎርፎች መዝገብ ይበቃሻል። እሱን ለይቶ መስጠት ይቻላል።

ጠይም ደመና፦
ጋሼ ትላልቆቹ ብቻ ከተሰጡኝ ሞዴሌ እያንዳንዱ ዝናብ ጎርፍ ይመስለዋል። ሶስቴ በሐሰት ካስነሳሁት በአራተኛው የሚነሳ ሰው የለም።

ኦርቢት፦
ለምንድነው ግን 2010 ላይ እንዳለን የምናወራው? ሳተላይት አለ! ግሬስ ከ2002 ጀምሮ የመሬት ስበት ለውጥ እየለካ የከርሰ ምድር ውሃ የት እንደቀነሰ ሲናገር ነበር፣ ተተኪው ከ2018 ጀምሮ እየሰራ ነው። ስዎት በ2022 መጨረሻ መጥቋል፣ ናሳና የፈረንሳይ የህዋ ድርጅት ከካናዳና ከእንግሊዝ ጋር የሰሩት ነው፣ የወንዝ ከፍታ ከላይ ያነባል። ዳታው ክፍት ነው። አልሰጥም ያለውም ተነበበ። አለቀ፣ ክርክሩን ዝጉት።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ፦
አልሰጥም ያለውም ተነበበ 😂 ትብብር በግድ በሉት እንጂ።

ጠይም ደመና፦
ኦርቢት የስዎት ዑደት 21 ቀን አካባቢ ነው። መሀል ላይ ደጋግሞ ቢያልፍም ጎርፍ አንተን አይጠብቅም። የተነደፈውም ወደ 100 ሜትርና ከዛ በላይ ስፋት ላላቸው ወንዞች ነው፣ በድንገት ሞልተው ሰው የሚገድሉት ደግሞ በበጋ ተራምደህ የምታልፋቸው ናቸው። ከላይ ያነበበው ትክክል መሆኑን የምናረጋግጠውስ በምን ይመስልሃል? መሬት ላይ ባለው መለኪያ።

ዝም አልልም፦
እኔ ግን አንድ የማይገባኝ፣ ዳታ ካለ ሰው ይድናል የሚለውን ማን ነው ያረጋገጠው? 1985 ኮሎምቢያ፣ ኔቫዶ ዴል ሩይዝ የሚባለው እሳተ ገሞራ። የአደጋ ካርታው ከአንድ ወር በፊት ወጥቷል፣ አርሜሮ የምትባለዋ ከተማ አደጋው በሚመጣበት መንገድ ላይ መሆኗ ካርታው ላይ ነበር። ከ20,000 በላይ ሰው በጭቃ ተቀበረ። ድሃ ስለሆኑ ነው እንዳትሉኝ ደግሞ፣ ጀርመን 2021። የአውሮፓ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ስርዓት ከቀናት በፊት ተናግሯል፣ ጀርመን ውስጥ ብቻ ከ180 በላይ ሞተዋል። ዳታ ተትረፍርፎ።

ባለራዳር፦
ስለዚህ ዳታ አያስፈልግም ነው? ሩይዝን ጀመርከው እንጂ አልጨረስከውም። ከዛ እልቂት በኋላ ነው በ1986 አሜሪካኖቹ በጥሪ ወደ ሌላ አገር ሄዶ የሚያግዝ የእሳተ ገሞራ ቡድን ያቋቋሙት። 1991 ፊሊፒንስ ውስጥ ፒናቱቦ በሚባለው እሳተ ገሞራ ላይ ከአገሩ ተቋም ጋር አብረው ሰርተው ከትልቁ ፍንዳታ በፊት በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወጥቷል። ይሄንንስ ማን ይቁጠረው? የሞተ ይቆጠራል፣ የዳነ አይቆጠርም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ፦
ተራራው አጠገብ ክላርክ የሚባል የአሜሪካ አየር ኃይል ሰፈር እንደነበረ ግን አልነገርከንም። ለወታደሮቻቸው ሲሉ ነው እንጂ።

ባለራዳር፦
ለወታደሮቻቸውም ይሁን፣ ፊሊፒኖው ድኗል አልዳነም?

ያልጠረጠረ ተመነጠረ፦
ድኗል። ሰፈር የሌላቸው ተራራዎች ስርስ?

ባለራዳር፦
ኧረ ተወን። ሰው ሲድንም ታዝናለህ አንተ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ፦
እኔን ስትሰድብ ሰፈር የሌለው ተራራ አይመለስም። ጥያቄዬን መልስ።

ዝም አልልም፦
እኔ ወደ ዋናው ልመልሳችሁ። ጀርመን ኮብሌንዝ ውስጥ ከ1988 ጀምሮ የዓለምን የወንዝ ፍሰት የሚያከማች ማዕከል አለ፣ ከ10,000 በላይ ጣቢያ። ጉግል የጎርፍ ትንበያውን ያሰለጠነው በዛ ዳታ ነው፣ በ2024 ኔቸር የሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አወጡት። አገሮች በነፃ ሰጡ፣ ኩባንያ ሞዴል ሰራበት። «ቁጥር ብቻ» ሲሸጥ ስንት ያወጣል ባለራዳር?

ጠይም ደመና፦
ትንበያውን እየሸጡት አይደለም፣ ክፍት ነው። መለኪያ በሌላቸው ወንዞች ላይ ቀድሞ ከነበረው ዓለም አቀፍ ትንበያ የተሻለ እንደሚሰራ ነው ጥናቱ ያሳየው፣ ይሄ ደግሞ የሚጠቅመው ማንን ነው? መለኪያ የሌለውን። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው፣ ኮብሌንዝ ያለው የብዙ አገር መዝገብ ከዓመታት በፊት የቆመ ነው። በየዓመቱ ልከው ቢሆን ሞዴሉ የነሱን ወንዝ የበለጠ ያውቀው ነበር።

ዝም አልልም፦
ዛሬ ክፍት ነው። ኩባንያ እኮ ነው፣ ነገ ቢዘጋው ማን ፊት ትከሽዋለሽ? አገር ከሆነ ቢያንስ ውል አለ።

ኦርቢት፦
ውሉማ የህንድና የቻይናን አየነው 😁

ጠይም ደመና፦
እሺ ያልጠረጠረ፣ አንተ ተቃውመህ ብቻ አትሂድ። ምኑን ትሰጣለህ? ቁርጡን ንገረን።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ፦
ጋሼ ያሉትን ነው የምለው። የክረምቱን ከፍታ በየሰዓቱ እሰጣለሁ፣ በነፃ። የበጋውን ፍሰት አልሰጥም፣ የፈለገ ጠረጴዛ ዙሪያ ይምጣ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው።

ጠይም ደመና፦
ድርቅስ? ድርቅ የተፈጥሮ አደጋ አይደለም? እሱ በየትኛው ወቅት የሚመጣ ይመስልሃል?

ያልጠረጠረ ተመነጠረ፦
ድርቅ እንደ ጎርፍ በአንድ ሌሊት አይደርስም፣ ለመነጋገር ጊዜ አለ።

ጠይም ደመና፦
ላይ ላለው ነው ጊዜ ያለው። ታች ያለው ገበሬ ይዝራ አይዝራ የሚወስነው በሳምንት ውስጥ ነው፣ የናንተ ድርድር ሜኮንግ ላይ 18 ዓመት ፈጀ።

ባለራዳር፦
👏👏👏

ያልጠረጠረ ተመነጠረ፦
ማጨብጨብ መልስ አይሆንም። በጋውን የሰጠ አገር ግድቡ ውስጥ ስንት እንደያዘ ነገረ ማለት ነው፣ ይሄን እያወቅሽ ነው የምትጠይቂው።

ጠይም ደመና፦
አዎ እያወቅኩ ነው።

ዝም አልልም፦
ጋሼ የት ጠፉ? ይሄን ክረምት በጋ ብለው የከፈሉት እርስዎ ነዎት፣ ድርቁን የት እናስገባው?